የጉዞ ጽሑፍ፣ ፎቶና ፊደል፦ ከጎጃም ለደረሱኝ ጥያቄዎች መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ጉዞ ጽሑፍ ይጠይቃሉ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የጎጃም መንገድ ያምራልና ጸሐፊውም አብሮ ይበዛል። እንደ ጥያቄው ክብደት እመልሳለሁ፤ አጭር መልስ የደረሰው አንባቢ አይቀየመኝ።

ጥያቄ፦ የዳንግላው ወጣት ለጉዞ ማስታወሻው ያሰባቸውን ስሞች ደርድሮ ልኮልኛል። አንድም ጽሑፍ ገና አልጻፈም። የቱ ስም ይሻላል ይላል።

መልስ፦ አጭሩ። አሁን ግን ስሙን ተውና ጻፍ።

ጥያቄ፦ ዓባይ በረሃን ከላይ በድሮን ማንሳት ይቻላል ወይ?

መልስ፦ ያለ ፈቃድ አይቻልም። ከመነሳትህ በፊት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የምታስተምር እህት ረዘም ያለ ደብዳቤ ጽፋለች። ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ስለ ጢስ ዓባይ፣ ስለ ዘጌና ስለ ጣና ገዳማት ያልተባለ የለም፤ እኔ ብጽፍ ምን እጨምራለሁ? የእኔስ ከሌላው በምን ይለያል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ጎጃም የሚጻፈውን ሳነብ ዘወትር የሚያሳዝነኝን ነገር ነው ያነሳሽው። አሥር ሰው ስለ ጢስ ዓባይ ይጽፋል፤ አሥሩንም አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ከፍታው ከ40 ሜትር ይበልጣል፣ ድንቅ ነው ይሉና ያበቃል። ቁጥሩ ልክ ነው። ጸሐፊው እዚያ መድረሱን የሚያሳይ ግን አንዳች ነገር የለም፤ ከቤቱ ሳይወጣም ይጽፈው ነበር።

እስኪ ወደ ሰከላ እንሂድ፤ የዓባይ መነሻ ምንጭ ግሽ ዓባይ ያለው እዚያ ነው። ግሽ ዓባይን አይተው ከጻፉ የውጭ ሰዎች ሁለቱ ስማቸው ይነሳል። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ምንጩን አየ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የደረሰው በ1770 እ.ኤ.አ. ነው። ብሩስ ቀዳሚው እኔ ነኝ ለማለት የፓኤዝን ምስክርነት ለማጣጣል ብዙ ደክሟል፤ በ1790 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍም ይህን ሙግት ይዟል። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ዛሬ አንባቢን አይስበውም። ፓኤዝ የምንጩን ጥልቀት ለማወቅ ጦር ወደ ውስጥ መስደዱን፣ ብሩስ ደግሞ ውሃውን በኮኮናት ቅል ቀድቶ ለንጉሡ ለሦስተኛው ጆርጅ ጤና መጠጣቱን ግን አንዴ ያነበበ ሰው አይረሳውም። ምንጩ ያው አንድ ምንጭ ነው። አንደኛው ለክቶታል፤ ሌላኛው ፈንድቆበታል። እያንዳንዱ ያደረገው ነገር ከጠባዩ የወጣ ስለሆነ የአንዱን ጽሑፍ ከሌላው ጋር ማምታታት አይቻልም። በነገራችን ላይ የአካባቢው አገው ምንጩን ከሁለቱም በፊት ያውቀዋል፤ ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ግሽ ዓባይን አገኙት ብለሽ እንዳትጽፊ አደራ።

አንቺም ሰከላ ብትሄጂ የሚጻፍ ሞልቷል። ጠበል በባዶ ሆድ ስለሚጠጣ ሰው በማለዳ ይመጣል፤ በጀሪካን ቀድቶም ይመለሳል። ከየት ወረዳ ተነሳ? በእግሩ ነው በመኪና? ያን ጀሪካን ለማን ነው የሚወስደው? ይህን ማንም በስልኩ ፈልጎ አያገኝልሽም። ሰላም ብሎ፣ ተቀምጦ፣ ጠይቆ ብቻ ነው የሚገኘው። አንድ ቦታ ግማሽ ቀን የቆየ ሰው አምስት ቦታ ከዞረው የተሻለ የሚጽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ርእስሽን አጥብቢ። ጎጃምን በአንድ ጊዜ አቅፎ ለመጻፍ የሞከረ ሁሉ ተዝረክርኮበታል። ከዓባይ በረሃ ቆላ ተነስቶ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ እስከሚለው ጮቄ፣ ከማሽላው አገር እስከ ገብሱና ጅብራው ድረስ አንድ ጽሑፍ አይችለውም። አንድ ክር ምዘዢ። ለምሳሌ ድልድዮችን ብቻ ብትከተዪ፦ በጢስ ዓባይ አቅራቢያ ያለው የ17ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ድልድይ፣ በሞጣ በኩል ያለው ሰባራ ድልድይ፣ ጎሐ ጽዮንንና ደጀንን የሚያገናኘውና በጃፓን ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ። እያንዳንዱ ማንን ከማን እንዳገናኘ ስትጠይቂ የጎጃም፣ የጎንደርና የሸዋ ታሪክ ተከትሎሽ ይመጣል። ወይም የቅኔ ቤቶቹን፣ ዲማን፣ ዋሸራንና ጎንጅን ያዢ። ወይም የገበያ ቀኖችን። አንቺ መምህር ነሽ፤ ተማሪዎችሽ ከየገጠር ቀበሌው የመጡ ናቸው፤ በሰፈራቸው ገበያው በምን ቀን እንደሚቆም፣ ምን እንደሚሸጥበት፣ በየትኛው መንገድ እንደሚደረስ ከእነሱ የተሻለ የሚነግርሽ የለም። ሌላ ጸሐፊ ይህ በር የለውም።

የሄድሽበትን ወርም ሳትጽፊ አትለፊ። በመስከረም ያየሽው ጢስ ዓባይና በግንቦት ያየሽው አንድ አይደሉም። በበጋ ወንዙ ይሳሳል፤ ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚዞር ደግሞ ገደሉ ላይ የሚቀረው እንደየጊዜው ይለያያል። የመስከረምን ፎቶ ወሩን ሳይናገር የለጠፈ ሰው፣ ገንዘቡን ቆጥቦ በሚያዝያ የሚመጣውን ቤተሰብ አታሎታል። ይህን እንደ ቀላል ጥፋት አላየውም። መንገዱም እንዲሁ ነው። ያለንበት ጊዜ ይታወቃል፤ ባለፈው ወር ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ክፍት መሆኑን ማንም ማረጋገጥ አይችልም። የተጓዝሽበትን ቀን ጽፈሽ፣ አንባቢው ከመነሳቱ በፊት የአካባቢውን ሰው እንዲጠይቅ ንገሪው።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳሩ ፎቶ አንሺ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በአገው ፈረሰኞች በዓል ያነሳቸውን 60 ፎቶዎች በሙሉ አውጥቷቸዋል። እስከ መጨረሻው ያየለት ሰው ስለጠፋ አዝኗል።

መልስ፦ ከ60ው ስምንት ምረጥ። መጀመሪያ ሜዳውንና ሕዝቡን የሚያሳይ ሰፊ ፎቶ፣ ቀጥሎ የጉግስ ሩጫው፣ ከዚያ ወደ ኮርቻው፣ ወደ ልጓሙ፣ ወደ አንድ አዛውንት ፊት ቅረብ። ተመሳሳይ ሁለት ፎቶ ካለህ አንዱን ጣለው፤ ልብህ ቢሳሳም ጣለው። በየፎቶው ሥር ፎቶው የማይናገረውን ጻፍ። ፈረስ እንደሆነማ ይታያል፤ የማን ፈረስ ነው፣ ከየት መጣ፣ ጌጡን ማን ሠራው?

ሌላም ነገር አለ። አንባቢህ የሚከፍተው በስልኩ፣ በገዛ ዳታው ነው። ከስልክ በቀጥታ የወጣ ፎቶ አራት አምስት ሜጋባይት ይመዝናል። ስፋቱን ወደ 1600 ፒክስል አውርደህ ብታስቀምጠው ወደ 300 ኪሎባይት አካባቢ ይወርዳል፤ በስልክ ለሚያየው ሰው ልዩነቱ አይታወቅም። ይህን ሳያደርጉ የገጠር አንባቢ ጠፋ ብሎ ማማረር ተገቢ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከቡሬ፦ ጽሑፌን ማራኪ ለማድረግ በፎቶ ላይ በነጭና በጌጠኛ ፊደል ብጽፈውስ?

መልስ፦ አይሆንም፤ ምክንያቱን ግን ልንገርህ። በፎቶ ላይ የተጻፈ ነገር ፎቶ ሆኖ ይቀራል። ሰው በስሙ ሲፈልገው ብዙ ጊዜ አያገኘውም፤ ዓይነ ስውሩ አንባቢም በስልኩ ድምፅ ሊያስነብበው ይቸገራል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው ተጠጋግቶ ሲጻፍ ገጹ ግንብ ይመስላል፤ ስለዚህ በመስመሮቹ መካከል ሰፋ ያለ ቦታ ተው፣ አንቀጹን አሳጥር፣ ርእሱን በመጠንና በውፍረት ለየው። ማዘንበል ለላቲን እንጂ ለእኛ ፊደል አያምርም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉት የፊደል ቅርጾች በነጻ ይገኛሉ፤ አንዱን መርጠህ ሁልጊዜ በእሱ ጻፍ። ቀለምም አንድ ይበቃል። አንባቢ ስምህን ሳያይ ጽሑፉ ያንተ መሆኑን የሚያውቀው መልኩን በየሳምንቱ ስላልቀያየርክበት ነው።

ጥያቄ፦ ዘጌ ሄጄ የቤተ ክርስቲያኑን የግድግዳ ሥዕሎች በፍላሽ አነሳሁ፤ የብራና መጻሕፍቱን ማስቀመጫም ጭምር። ላውጣው?

መልስ፦ የማስቀመጫውን ፎቶ በፍጹም አታውጣ። ቅርስ የት እንደተቀመጠ ማሳየት ለሌባ መንገድ መምራት ነው። የሥዕሎቹን ደግሞ የገዳሙን አስተዳዳሪ ሳታስፈቅድ አታውጣ፤ ‹‹ማንም አልከለከለኝም›› ፈቃድ አይደለም። ለወደፊቱ ፍላሽህን አጥፋ፤ ኃይለኛ ብርሃን ዘመናትን የተሻገረ ቀለም ይጎዳል። ምን ይፈቀዳል፣ ምን አይፈቀድም የሚለውን ከእኔ አትውሰድ፤ አስተዳዳሪውን ጠይቅ፣ ከዚያም የባህልና ቱሪዝም ባለሙያውን ጠይቅ። ሁለቱንም ማለቴ ነው። ስለ ጣና ገዳማት ስትጽፍ ደግሞ እንደ ክብራን ገብርኤል ሴቶች የማይገቡባቸው መኖራቸውን ከላይ አስቀድመህ ተናገር። አንዲት እህት የጀልባ ከፍላ ከደረሰች በኋላ ወደቡ ላይ መስማት የለባትም።

ጥያቄ፦ ‹‹ጣና ውስጥ ዋኝቼ ምንም አልሆንኩም፤ ለአንባቢዎቼ ዋኙ ብዬ ልጻፍ?››

መልስ፦ አትጻፍ። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ። ተሕዋሱ ጥልቀት በሌለው ውሃ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል፤ ምልክቱም ከሳምንታት በኋላ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ደህና መሆንህ ማስረጃ አይሆንም። አንተ ራስህ ጤና ጣቢያ ሄደህ መዋኘትህን ተናገርና ተመርመር። ይህን እንደ ሌላው ምክር አድርገህ አትለፈው፤ እባክህ ሂድ። ለአንባቢህ ስለ ጤና የምትጽፈውንም ሐኪም ሳያይልህ አታውጣ።

ጥያቄ፦ ሆቴሉ አንድ ሌሊት በነጻ አሳድሮኛል፤ መናገር አለብኝ?

መልስ፦ አዎ፤ በመጀመሪያው አንቀጽ፣ አንባቢው ሳይፈልገው በሚያይበት ቦታ።

ጥያቄ፦ ቀኑን በዓ.ም. ልጻፍ በእ.ኤ.አ.? ሰዓቱንስ?

መልስ፦ በአማርኛ ለሚያነብ ሰው በዓ.ም.ና በእኛ ሰዓት ጻፊ። የውጭ ታሪክ ስትጠቅሺ ብቻ እ.ኤ.አ. ብለሽ ለዪው። ጽሑፉን ለውጭ እንግዳ የምታስተረጉሚው ከሆነ ግን የጀልባውን መነሻ ሰዓት ራስሽ ቀይሪው፤ የእኛን 2 ሰዓት እንዳለ የወሰደ እንግዳ ጀልባው ከሄደ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው የሚደርሰው።