እጠቡ ሲሏችሁ አትኩረፉ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ከቴክኒክና ሙያ የተመረቀ አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ቸርኬ ለማጠብ ነው?» አለኝ። ባልዲውን በእግሩ ገፋ አደረገው። ምንም አላልኩትም። በእሱ ዕድሜ እኔም ያንኑ ባልዲ ገፍቻለሁ። መልሱን ለእሱም ለሌሎቻችሁም እዚህ ልጻፈው።

ነገሩ ስለ ባለ ሽቦ ቸርኬ ነው። ብዙዎቻችሁ ከሳይክል ላይ በቀር አላያችሁትም። በድሮዎቹ የእንግሊዝ ስፖርት መኪኖች፣ በኤምጂ፣ በትራያምፍ፣ በጃጓር ላይ ይገኛል። ፒያሳና አራት ኪሎ መሀል አርባ ዓመት ስሠራ በእጄ ያለፉት ጥቂት ናቸው። ግን ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በተከለከለበት ዘመን ይሄ ምን ያደርግልናል እንደምትሉ አውቃለሁ። ኤሌክትሪኩም ጎማ አለው።

በ1978 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አለቃዬ ጥሊያን ጋራዥ ውስጥ ያደጉ፣ ዳዶውንም፣ ካቻቢቴውንም፣ ኩሽኔታውንም እንደ ባለቤቶቹ አሳምረው የሚጠሩ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ክሬም ቀለም ያለው ኤምጂ ቢ መጣ። መንገዳችን በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ከመዞሩ በፊት የገባ መኪና ነው፤ መሪው በቀኝ። የፊቶቹን ኩሽኔታዎች አጥበህ ግሪስ ቀይር ተባልኩ። ሁለቱንም ሞዞ፣ ቸርኬው የሚሰካበትን የመሀል ብረት፣ አወጣሁ። አለቃዬ አንዱን በጠመኔ ምልክት አድርገው «ይሄ የሹፌሩ ነው» አሉኝ። እሺ አልኩ። ለእኔ ደግሞ ሹፌር ሁልጊዜ የሚቀመጠው በግራ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ይህ ቸርኬ እንደምታውቋቸው ቸርኬዎች አራትና አምስት ብሎን የለውም። ሞዞው ዙሪያውን ጥርስ አለው፤ የቸርኬው ሆድም እንዲሁ። ጥርስ በጥርስ ይገባል። ከዚያ መሀል ላይ በአንድ ትልቅ፣ ጆሮ (ወደ ጎን የወጣ ክንፍ) ባለው ዳዶ ይታሰራል። ጆሮውን በመዶሻ ትመቱታላችሁ። አሜሪካኖች እግረኛ ይጎዳል ብለው ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጆሮውን ስለከለከሉ በኋላ የመጡት ስምንት ማዕዘን ናቸው። በግራ ጎን ያለው ዳዶ እንደማንኛውም ዳዶ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል። በቀኝ ጎን ያለው ተቃራኒ ነው። ግራ ካጋባችሁ ይቺን ያዙ፦ የላይኛውን ጆሮ ወደ መኪናው ጅራት ስትመቱት ይጠብቃል፣ ወደ አፍንጫው ስትመቱት ይላላል። በሁለቱም ጎን። እንደዚያ ሲሆን መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ ዳዶው እየጠበቀ ይመጣል። ሞዞው ጎን ከቀየረ ግን እየሄደ ይፈታል።

እኔ ጎን ቀይሬዋለሁ። ዳዶው ከሞዞው ጋር ስለሚሄድ ልክክ ብሎ ገባ። ደስ አለኝ።

ለሙከራ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ቸርችል ቁልቁል ወረድን። አለቃዬ ይነዳሉ፣ እኔ በግራ ተቀምጫለሁ። ፍሬን በያዙ ቁጥር ከእግሬ ሥር «ቋ» ይላል። ቴዎድሮስ አደባባይ ሳንደርስ ዳር ይዘው ቆሙ። ወርደው ዳዶውን ነኩት። በሁለት ጣታቸው አዞሩት። በሁለት ጣት! ሊስትሮዎቹ ሳይቀሩ ዝም ብለው አዩን። አለቃዬ አልጮሁም። መዶሻውን አውጥተው አጠበቁት፣ በየመቶ ሜትሩ እየቆምንና እየመታን ተመለስን። ጋራዥ ስንደርስ የጥርስ ብሩሽና ባልዲ ሰጡኝ። «አምስቱንም እጠብ። ስትጨርስ ያየኸውን ትነግረኛለህ።»

ቅጣት መሰለኝ። አንዱ ቸርኬ 60 ሽቦ አለው፤ ከተጠባባቂው ጋር 300። ከዳዶው ጀመርኩ። ጭቃው ሲለቅ ከሥሩ ጽሑፍ ወጣ። የመፍቻ ቀስትና በእንግሊዝኛ «ቀኝ» የሚል። እኔ በግራ አስሬዋለሁ። ፋብሪካው ጽፎልኝ ነበር። አላጠብኩትም እንጂ።

ስለዚህ እጥበቱን በደንብ ልንገራችሁ። ከመንገድ የገባን ቸርኬ ገና ትኩስ እያለ ውሃ አትድፉበት፤ ይቀዝቀዝ። መጀመሪያ በውሃ ብቻ አርጥቡት። የፍሬን ሸራ ብናኝ በደረቁ በኮምፕረሰር አትንፉ። በድሮ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ አለ፣ ለሳንባ መጥፎ ነው። እኛ በአፋችን እፍ እያልን ነው ያደግነው፤ እናንተ አትድገሙት። ከዚያ ትንሽ ላርጎ በውሃ፣ ለስላሳ ብሩሽ። ከጀርባው ጀምሩ። ሁሉም ፊቱን ያብሳል፣ ዝገቱ የሚጀምረው ግን ከማይታየው ጎን ነው። አሲድና የብረት መፈግፈጊያ አታስጠጉ። ቀለሙን ይልጣሉ፣ ክሮሙን ይበላሉ። ክረምት ላይ ውሃው ሽቦዎቹ በሚተላለፉበት ቦታና በትናንሾቹ የሽቦ ዳዶዎች አንገት ላይ ያድራል። ታጥቦ ከጠራ በኋላ ያን ጊዜ ኮምፕረሰር ንፉበት፣ አድርቁት፣ ሰም ቀቡት። አንዱ ቸርኬ አንድ ሰዓት ቢፈጅባችሁ አትደነቁ።

በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ እያንዳንዱ ሽቦ በጣታችሁ መሀል ያልፋል። መኪናው በሽቦዎቹ ላይ የቆመ ይመስላል። ቀጭን ሽቦ ግን ሲጫኑት ይጎብጣል እንጂ አይሸከምም። ሥራውን የሚሠራው ስለተወጠረ ነው። አንዱ ከተበጠሰ ድርሻው ለጎረቤቶቹ ይተርፋል፣ እነሱም በተራቸው ይሄዳሉ። ስለዚህ ካደረቃችሁ በኋላ በትንሽ ቁልፍ አንድ በአንድ መታ መታ አድርጓቸው። ደህናው እንደ ክራር ጅማት ይጮኻል። የላላው «ጧ» ብሎ ይቀራል። ጆሮ የሌለው ሰው ይህን ሥራ ባይሠራ እመክራለሁ። የላላ አገኘን ብላችሁ ደግሞ ጎማው እንዳለ ዝም ብላችሁ አታጥብቁ። የሽቦው ጫፍ ወደ ውስጥ ወጥቶ ካላማዳሪውን ይወጋል። ጎማው ይውጣ፣ ጫፉ ይሞረድ። እነዚህ ቸርኬዎች በየሽቦው ቀዳዳ ስላላቸው ያለ ካላማዳሪ አየር አይዙም። «ቲዩብለስ ላድርገው» የሚል ጎሚስታ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ሂዱ።

ከሞዞው አጠገብ ቀይ ብናኝ ካያችሁ ጥርሶቹ እየተፋጩ ነው። ጥርሱን በጣታችሁ ዳብሱት። ጫፉ እንደ መጋዝ ከሾለ አልቋል፣ ግሪስ አያድነውም። ደህና ከሆነ አሮጌውን ግሪስ በነጭ ጋዝ አውጡ፣ አድርቁ፣ አዲስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። የዳዶውን መቀመጫም አትርሱ። መኪናው በክሪክ ብቻ አይቁም፣ ጠንካራ ማቆሚያ ይኑረው። ጎማው አየር ላይ እያለ አጥብቁት፣ መሀሉን ይዞ እንዲቀመጥ። መዶሻው የመዳብ ይሁን። ብረት በብረት ስትመቱ ጆሮው ይቆስላል፣ ስንጣሪውም ዓይን ያወጣል። ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ቆማችሁ እንደገና ምቱት። ደንበኛው «ቸኩያለሁ» ይላል። ይቸኩል።

በዚያ ቀን ለአለቃዬ ሦስት የላሉ ሽቦዎችና አንድ የተበጠሰ ነገርኳቸው። የሞዞውንም ነገርኳቸው፣ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ። «አራት ነው ያየኸው፣ ሁለተኛ ዙር አለህ» አሉኝ። አምስተኛውን ያገኘሁት ሲመሽ ነው፣ በተጠባባቂው ላይ። እሳቸው ጠዋት መኪናው ሲገባ አይተውታል።

የድሮው ሰፈር በ2016 ከፈረሰ በኋላ ዕቃዬን ወደ ልደታ ይዤ ሄድኩ። የጥርስ ብሩሾቹንም። ባለፈው ክረምት ለልምምድ የመጣች ልጅ የአንድ ትራያምፍ ቸርኬ ስታጥብ ቆይታ ጠራችኝ። «ጋሼ፣ ይሄኛው አይጮህም።» መታ አደረግኩት። ለእኔ ደህና ነው። በዚህ ዕድሜዬ የኔ ጆሮ እንደ ድሮው አይደለም። «አንዴ ስማው እስቲ» ብላ ጎረቤቱን መታች፣ መልሳ እሱን። አሁንም ልዩነቱ አልገባኝም። ጎማውን አስወጣን። የሽቦው አንገት ግማሽ ድረስ ተሰንጥቋል።