የኮከቡን ጠባይ አስቀድማችሁ እወቁ

ውድ ልጆቼ፣

ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ ያሉ፣ ሕይወት ሊኖርባቸው ይችላል የሚባሉ ፕላኔቶችን ከባቢ አየር ለማጥናት ከምትመጡት ብዙዎቻችሁ ሥራው ፕላኔቱን መመልከት ይመስላችኋል። እኛ የምንመለከተው ግን ኮከቡን ነው። ፕላኔቱ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ጥቂት ብርሃን በፕላኔቱ ዙሪያ ባለው ስስ አየር ውስጥ አልፎ ይደርሰናል፤ እያንዳንዱ ጋዝ የየራሱን የብርሃን ሞገድ ስለሚውጥም ከጎደለው ተነሥተን የጋዙን ማንነት እንለያለን። ምድርን የመሰለ አየር ትራፒስት-1 በምትባለው ትንሽ ኮከብ ዙሪያ ቢኖር፣ የሚያጎድለው ብርሃን ከሚሊዮን እጅ መቶውን እንኳ አይሞላም።

አንድ ሌሊት ግራፉ ላይ ትንሽ ጉብታ አይቼ «የውኃ ተን አገኘሁ» በማለት ባልደረቦቼን ገና ሳይነጋ በስልክ ቀሰቀስኋቸው። ጠዋት ከሁላችን በዕድሜ የምታንሰው ተማሪ አንገቷን ደፋ አድርጋ «ጋሼ፣ የኮከቡን ነቁጦች አስበዋቸዋል?» አለችኝ። አላሰብኋቸውም ነበር። ነቁጥ የምንለው በኮከቡ ገጽ ላይ ከዙሪያው ቀዝቀዝና ጠቆር ብሎ የሚታየውን ቦታ ነው፤ እንደ ትራፒስት-1 ባሉ ቀዝቃዛ ቀይ ኮከቦች ነቁጦች ውስጥ የውኃ ተን አለ፤ ያየሁት ጉብታም የፕላኔቱ ሳይሆን የኮከቡ ኖሯል። የስልኩ ነገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ኬ2-18ቢ የተባለው ፕላኔት 124 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቀናል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከሐብል ቴሌስኮፕ በተገኘ መረጃ የውኃ ተን እንዳለው ተነገረ፤ በ2023 ጄምስ ዌብ የተባለው ቴሌስኮፕ ሰፋ ባለ የሞገድ ክልል ሲለካው ግን ጎልተው የታዩት ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኑ። ሐብል በሚለካበት ጠባብ ክልል ሚቴንና ውኃ ተቀራራቢ ምልክት ስለሚሰጡ የመጀመሪያዎቹን ተመራማሪዎች አልወቅሳቸውም። በ2025 ደግሞ በምድር ላይ የባሕር ደቂቅ ሕይወት የሚያመነጨው ዳይሜቲል ሰልፋይድ ምልክቱ ታየ ተብሎ ዜናው ዓለምን ሲያዳርስ፣ ያንኑ መረጃ እንደገና የመረመሩ ሌሎች ቡድኖች ማስረጃው በቂ አይደለም አሉ። ጋዜጣ ስማቸውን ባያነሣም፣ እኔ ወደ ሙያው ስትገቡ እንድትመስሉ የምፈልገው እነዚህን ነው።

በ2023 ከትራፒስት-1 ፕላኔቶች ሁሉ ለኮከቡ የሚቀርበው «ቢ»፣ ወደ ኮከቡ የዞረው የቀን ገጽታው ሙቀት 500 ኬልቪን (230 ዲግሪ ሴልሺየስ) ገደማ ሆኖ ተለካ፤ ይህም ሙቀትን ወደ ሌላው ገጽ የሚያዛውር ወፍራም አየር እንደሌለው አመለከተ። ብዙ ሰው አዘነ። አሁን ግን ተመራማሪዎች ሕይወት ሊኖርበት ይችላል የሚባለው የዚያው ኮከብ ሌላ ፕላኔት «ኢ» ከ«ቢ» ጋር ተከታትለው በኮከቡ ፊት የሚያልፉባቸውን ሰዓታት እየመረጡ ይለካሉ፤ አየር የለውም በሚባለው በ«ቢ» ላይ የሚታየው ምልክት የኮከቡ ነውና፣ ያን ከ«ኢ» መረጃ ላይ ለመቀነስ።