አዲሱን ልጅ እንዴት ተቀበላችሁት?

ውድ ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወጣቶች ቡና ሊጠጡ ቤት ሲመጡ ስለ ሥራ ይጠይቁኛል። አንዱ ኢንጂነር ነው። አንዷ ባንክ ገብታለች። አንዱ እንደኔ ነርስነት ይማራል። ጥያቄያቸው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ እንዴት ነው ቶሎ ከፍ የሚባለው?»

28 ዓመት ነርስ ነበርኩ። አብዛኛውን እዚሁ ቦስተን፣ አብዛኛውን ሌሊት። ቶሎ ከፍ ስለማለት የምመክራችሁ ብዙ ነገር የለኝም። ስለ አንድ ሰው ግን ልንገራችሁ። ዝዴኖ ቻራ ይባላል። የበረዶ ሆኪ ተከላካይ ነበር። የቦስተን ብሩይንስን ቡድን 14 የውድድር ዘመን በአምበልነት መርቷል። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍላችሁ፤ እንዳትደናገሩ።

እኛ ያደግነው በኳስ ነው። በረዶ ላይ ዱላ ይዞ መሯሯጥ ጨዋታ አይመስለኝም ነበር። ያስተማሩኝ አንድ በሽተኛ ናቸው። በ2007 መጀመሪያ፣ ከተማው በበረዶ በተሸፈነበት ሰሞን፣ ሳንባቸውን የታመሙ አዛውንት እኔ ጋ ተኝተው ነበር። ሌሊት እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ቴሌቪዥን ላይ የሚደገመውን ጨዋታ ያያሉ። ደም ግፊታቸውን ልለካ ስገባ ቆሜ እንዳይ አደረጉኝ። በኳስ ፈንታ የሚመቷት፣ ፓክ የሚሏት፣ 170 ግራም ገደማ የምትመዝን ጠንካራ ጎማ ናት፤ ዓይን አይይዛትም። «እሷን ተዋት» አሉኝ። «33 ቁጥሩን ብቻ ተመልከት።»

33 ቁጥሩ ቻራ ነው። 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር። መጀመሪያ ምንም የሚሠራ አልመሰለኝም። አጥቂው በክንፍ በኩል እየበረረ ይመጣል። ቻራ ፊቱን ወደ አጥቂው አድርጎ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ረጅሙን ዱላውን በረዶው ላይ ዘርግቶ የመሀሉን መንገድ ይዘጋበታል። አጥቂው ወደ አጥሩ ይጠጋል፤ ሌላ መሄጃ የለውማ። ከዚያ ጥግ ቢመታም ግብ ጠባቂው በቀላሉ ያድናታል። አለቀ። ማንም አያጨበጭብም። ቻራ 45 ሰከንድ ያህል ተጫውቶ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ትንፋሹን ሰብስቦ ደግሞ ይገባል። በአንድ ምሽት ከ60ው ደቂቃ 25 ያህሉን እንዲህ እየገባ እየወጣ ይሠራል።

የሌሊት ነርስ ሥራም ይሄው ነው። ትኩሳቱ ገና ሽቅብ ማለት ሲጀምር ትደርስበታለህ። ሐኪም ትጠራለህ። መድኃኒቱ ይቀየራል። ጠዋት ቤተሰብ ሲመጣ በሽተኛው ቁርሱን ሲበላ ያገኙታል። ሌሊት የሆነውን ማንም አያውቅም።

ያ ዓመት ለቻራ ክፉ ዓመት ነበር። በጁላይ 2006 ለ5 ዓመት በ37.5 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ ከኦታዋ መጣ። ገና በመጀመሪያው ዓመቱ አምበል ተደረገ። ቡድኑ ግን ጥሎ ማለፉ ውስጥ እንኳ አልገባም። በዚህ ጨዋታ ተከላካይ የሚመዘንበት አንድ ሒሳብ አለ። በአብዛኛው ሁለቱ ቡድኖች እኩል ሰው ይዘው ሲጫወቱ፣ አንተ ሜዳ ላይ እያለህ ስንት አገባችሁ፣ ስንት ገባባችሁ ተብሎ ይቆጠራል። የቻራ ሒሳብ በዚያ ዘመን 21 ከዜሮ በታች ሆነ። ከተማው አጉረመረመ። እኚያ አዛውንት ግን «ቆይ፣ ይሄን ልጅ ታየዋለህ» ይሉኝ ነበር።

ቆየሁ። ስለ እሱም አነበብኩ። በ1977 ትሬንቺን በምትባል ከተማ ነው የተወለደው፤ ያኔ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ዛሬ ስሎቫኪያ። አባቱ የትግል ስፖርተኛ ናቸው፤ በ1976ቱ የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ተወዳድረዋል። ቁመቱ ሲመዘዝ «አንተ ለቅርጫት ኳስ ነህ» አሉት። በ1996 የኒው ዮርክ አይላንደርስ ሲመርጡት ተራው 56ኛ ነበር። ከዚያ ፕሪንስ ጆርጅ ወደምትባል ሩቅ የካናዳ ከተማ ሄዶ ከወጣቶች ጋር ተጫወተ፤ እንግሊዝኛ ገና በቅጡ ሳይዝ። በ2001 ደግሞ አይላንደርስ ታዋቂ አጥቂ ለማምጣት ብሎ ለኦታዋ አሳልፎ ሰጠው። እንዲህ እንደ ምርቃት የተሰጠ ሰው ነው በ2009 የሰሜን አሜሪካው ሊግ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ የኖሪስን ዋንጫ የወሰደው።

አሁን ወደምፈልገው ልምጣ።

በዚህ ጨዋታ አዲስ ገቢ «ሩኪ» ይባላል። ሩኪ መሆን ብዙ ቦታ ላይ መላላክ ነው። ቦርሳ ያሸክሙሃል። ይስቁብሃል። አንዳንድ ቡድን ውስጥ ፀጉርህን ይላጩሃል፣ የትልልቆቹን የእራት ሒሳብ ያስከፍሉሃል። ቻራ አምበል ሲሆን ቃሉን ራሱን ከመልበሻ ክፍሉ አስወጣው። ሩኪ የሚባል ሰው የለም አለ። 18 ዓመትህም ይሁን 40፣ አንድ ጨዋታም ተጫወት ሺህ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ እኩል ትከበራለህ።

ይሄን ሳነብ መጀመሪያ ቀላል ነገር መሰለኝ። አንድ ቃል መከልከል ምን ያመጣል? ክብደቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሰውየው ያኔ በሊጉ ረጅሙ ነበር። ስምና ገንዘብ አለው። ለዚህ ጨዋታ አትሆንም ተብሎ፣ 56ኛ ተመርጦ፣ ለሌላ ቡድን ተላልፎ ነው እዚህ የደረሰው። «እኔም እንዲሁ ነው ያለፍኩት፣ እናንተም ቅመሷት» ቢል ማን ይቃወመዋል?

ይቺን ንግግር እናንተም ታውቋታላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽ ሳለን ሰምተናታል። ሥራ ስንጀምር ሰምተናታል። እዚህ አገር ስንመጣ ደግሞ ቀድሞ ከመጣው ከገዛ ወገናችን ሰምተናታል፤ «እኛ ስንመጣ ማን ረዳን?» ሲባል። ከአንዱ ወደ አንዱ ስትተላለፍ ኖራ ቻራ ጋ ስትደርስ ቆመች። እኔ የሰውየውን ትልቅነት የማየው እዚህ ላይ ነው። ከዋንጫውም በላይ።

ዋንጫውም ግን ያለዚህ የመጣ አይመስለኝም። በ2010 ጥሎ ማለፍ፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት፣ ቦስተን ፊላዴልፊያን በጨዋታ 3 ለ 0 እየመራ ነበር፤ አንድ ጨዋታ ብቻ ቀርቶት። አራቱንም ተከታትሎ ተሸነፈ። በሰባተኛው ጨዋታ እንኳ 3 ለ 0 ከመራ በኋላ 4 ለ 3 ተሸነፈ። እንዲህ የተዋረደ ቡድን ይበተናል፤ አንዱ ሌላውን ይወቅሳል። እነሱ በዓመቱ ተመልሰው መጡ። ከሁለት አዳዲስ ልጆች ጋር። የ19 ዓመቱ ታይለር ሴጊን ከታምፓ ጋር በተደረገው ግማሽ ፍጻሜ በአንድ ጨዋታ ሁለት አግብቶ ሁለት አመቻቸ። የመጀመሪያ ሙሉ ዓመቱን ይጫወት የነበረው ብራድ ማርሻንድ ደግሞ ጁን 15 ቀን 2011 ቫንኩቨር ላይ፣ በፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ፣ ሁለት ግብ አገባ። 4 ለ 0። ቦስተን ከ1972 ወዲህ የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ አንስታ አታውቅም ነበር። ቻራ 15 ኪሎውን ዋንጫ ከራሱ በላይ ሲያነሳ የሆስፒታሉ ኮሪደር በጩኸት ተናወጠ፤ ሕመምተኛውም፣ ጽዳቱም፣ ሐኪሙም። ማርሻንድ በ2023 የዚያው ቡድን አምበል ሆነ።

ጻድቅ ላደርገው አልፈልግም። በዚያው 2011፣ ማርች ላይ፣ አንድ የሞንትሪያል ተጫዋች ፓክ እያሳደደ በአጠገቡ ሲያልፍ ቻራ ወደ አጥሩ ገፋው። ልጁ የተቀያሪዎች መቀመጫ ማብቂያ ላይ ካለው የመስታወት ምሰሶ ጋር በጭንቅላቱ ተጋጨ። የአንገቱ አጥንት ተሰበረ። ቻራ ከዚያ ጨዋታ ተባረረ፤ ሊጉ ተጨማሪ ቅጣት አልጣለበትም። ሆን ብዬ አላደረግሁትም አለ። አምነዋለሁ። ምስሉን ግን ደጋግሜ አየሁት። ያን ያህል ጉልበት ያለው ሰው ሳያስበውም ይሰብራል።

ምስሉን ባየሁ ቁጥር የምትታወሰኝ አንዲት ልጅ ናት። በ2009 የሌሊቱ ፈረቃ ኃላፊ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት የወጣች አዲስ ነርስ መጣች፤ የአገሬ ልጅ። ከባድ ከባዱን በሽተኛ ለእሷ መደብኩ። «ትልመደው» አልኩ። እኔ ስጀምር ሰዎች ስልክ ላይ በአነጋገሬ ሲስቁ፣ ማንም የማይፈልገውን ክፍል ሲሰጡኝ ማን አዘነልኝ? አንድ ሌሊት ሁለቴ ጠራችኝ። ሦስተኛ ስትጠራኝ ሰው ፊት «ምን አስተምረው ነው የላኩሽ?» አልኳት።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መድኃኒት ክፍል ገባሁ። ግንባሯን ማቀዝቀዣው በር ላይ ደግፋ ቆማለች። አንድ እጇ ላይ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ይዛለች። ድምፅ የለም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። በሩን ስከፍት ቀና አለች። ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። የመድኃኒቱን ስም ሁለቴ አነበበች፤ እንደዚያ ሆናም ማረጋገጡን አልተወችም። በአጠገቤ አልፋ ወደ በሽተኛዋ ሄደች። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም። በሦስተኛው ወር ሌላ ቦታ ተቀጠረች። ማንም አልጠየቀኝም።

ቻራ ስለ አዲስ ገቢዎች የሚያስበውን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ሌሊቷን ለምታድር ነርስ ከባዱን በሽተኛ እኔ መውሰድ ጀመርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብረን እንበላለን። ይኸው ነው ያደረግሁት። የሚያስመሰግን ነገር የለውም።

የቻራን መጨረሻ ባጭሩ ልንገራችሁ። በ2019 ፍጻሜ፣ ከሴንት ሉዊስ ጋር በተደረገው አራተኛ ጨዋታ፣ ፓክ መንጋጋውን ሰበረው። አምስተኛውን ጨዋታ ፊቱን በጋሻ ሸፍኖ ተጫወተ። ስሙ ሲጠራ አዳራሹ ሙሉ ቆሞ ጮኸለት። ሰው ሁሉ «ጀግና ነው» አለ። እኔ ግን የተሰበረ መንጋጋ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ደስ ብሎኝ አላየሁትም። ታማችሁ ሥራ አትግቡ። ይሄን ከእሱ አትውሰዱ። ለነገሩ ዋንጫውንም አላገኙም።

በ2020 ከቦስተን ወጣ። ዋሽንግተን ውስጥ በ795 ሺህ ዶላር አንድ ዓመት ተጫወተ፤ አምበል ሳይሆን፣ እንደ ማንኛውም ሰው። ከዚያ ወደ ጀመረበት ወደ አይላንደርስ ተመለሰ። በ2022 ሲያቆም 45 ዓመቱ ነበር። በመደበኛው ውድድር 1,680 ጨዋታ ተጫውቷል፤ ከእሱ በፊት ይህን ያህል የተጫወተ ተከላካይ የለም። በ2025 ስሙ የበረዶ ሆኪ ታላላቆች መዝገብ ውስጥ ገባ።

እኔ በአካል ያየሁት አንድ ቀን ነው። ኤፕሪል 17 ቀን 2023፣ የፋሲካ ማግስት፣ የቦስተን ማራቶን ዕለት። አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ በ1963 የሮጡት ማራቶን ነው። ሌሊሳ ዴሲሳም በ2013 አሸንፎ፣ ማብቂያው መስመር ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ ሜዳልያውን ለከተማው መልሶ የሰጠው እዚሁ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ባንዲራ ይዘን ኒውተን ዳገቱ ላይ ቆመናል። ዝናብ ያካፋል። አማኔ በሪሶ አለፈች፤ በኋላ ሁለተኛ መውጣቷን ሰማን። ጓደኞቼ ወደ ዶሮ ወጣቸው ተመለሱ። እኔ ቀረሁ። ከብዙ ሰዓት በኋላ ከሕዝቡ በላይ አንድ ጭንቅላት ታየኝ። 46 ዓመቱ ነው። ከተራው ሯጭ ጋር ተራ ሯጭ ሆኖ ዳገቱን ይወጣል። በ3 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ጨረሰ።

ቤት ገብቼ እርጥብ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬን አነሳሁ። የዚያችን ልጅ ቁጥር ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሰው ከሰጡኝ ቆይቷል። አነሳች። «እንኳን አደረሰሽ» አልኳት፤ ስሜን ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ጋሼ፣ አሁንም ሌሊት ነው የሚሠሩት?» አለችኝ።

«ጡረታ ወጥቻለሁ» አልኳት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ስለ መድኃኒት ክፍሉ ልነግራት ጀመርኩ።