ጠይቁን፦ ሽንት ቤቱን ሳትቀይሩት በፊት አቼቶ ግዙ

ለዚህ እትም ስለ ቤት እድሳት ጠይቁን ብለን ነበር፣ እኛ ስለ ቀለምና ስለ ጂፕሰም ትጠይቃላችሁ ብለን ስንጠብቅ እናንተ ዞራችሁ ዞራችሁ ሽንት ቤት ገባችሁ። ይሁን፣ ቀለም የተላጠበት ቤት ውስጥ መኖር ይቻላል፣ ሽንት ቤቱ የማይሰራ ቤት ውስጥ ግን እንግዳ መጥራትም አይቻልም።

ጥያቄ፦ ቤታችን አቃቂ ነው፣ አባቴ በደርግ ጊዜ በማህበር የሰራው፣ ሽንት ቤቱም ያኔ የገባው ነው። ታንኩ ይሞላል፣ ስንለቀው ግን ውሃው እንደ ድሮው ዙሪያውን አይወርድም፣ በአንድ ጎን ብቻ ቀጭን ሆኖ ይፈሳል፣ ሁለት ሶስቴ ካልለቀቅን ወይ በባልዲ ካልደፋንበት አይሄድም። የቧንቧ ሰራተኛ ጠርተን እቃው አርጅቷል፣ አውጥታችሁ አዲስ ግዙ አለን። እናቴ ደሞ አባትሽ የገዛው ነው አይነካም ብላለች። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እናትሽ ልክ ናቸው፣ ምክንያታቸው ከኔ ቢለይም። ሸክላው አያረጅም እኮ። እስካልተሰነጠቀ ድረስ አርባ ዓመት ያገለገለ መቀመጫ ሌላ አርባ ያገለግላል፣ የሚያረጀው ታንኩ ውስጥ ያለው ላስቲክና ፕላስቲክ ነው፣ የሚደፈነው ደሞ በመቀመጫው ጠርዝ ስር ያለው የውሃ ማውረጃ ቀዳዳ ነው። «በአንድ ጎን ብቻ ቀጭን ሆኖ» ያልሽው ነገር ነው ሁሉን የነገረኝ።

የአዲስ አበባ ውሃ ሁሉም ሰፈር አንድ አይነት አይደለም። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው የተጠራቀመ የዝናብና የወንዝ ውሃ ነው፣ በአቃቂ በኩል ያለው ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ነው፣ መሬት ውስጥ ድንጋይ ለድንጋይ ሲሄድ ቆይቶ ካልሲየምና ማግኒዥየም አሟሙቶ ይዞ ይመጣል። ፈረንጅ ሃርድ ዋተር የሚለው ይሄንን ነው፣ ሰፈር ውስጥ ግን «ውሃችን ጨው አለው» ሲባል ነው የምሰማው፣ ጨው አይደለም፣ ኖራ ነው። ካላመንሽኝ ሻይ የምታፈሉበትን ማንቆርቆሪያ ውስጡን እይው፣ ነጭ ቅርፊት ከያዘ እሱው ነው። ወይ ደሞ በክረምት ከጣሪያ የወረደ ውሃ በአንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የቧንቧውን በሌላ አርጊና በሁለቱም ላይ እኩል ሳሙና ፍቀሽ ነቅንቂያቸው፣ የዝናቡ በአረፋ ሲሞላ የቧንቧው ደፍርሶ ከቀረ መልሱን አገኘሽ። እናቶቻችን ጸጉር በዝናብ ውሃ መታጠብ የሚወዱት ለዚህ ይመስለኛል።

እና ይሄ ውሃ በተለቀቀ ቁጥር በመቀመጫው ጠርዝ ስር በተደረደሩት ትናንሽ ቀዳዳዎች ያልፋል፣ የመጨረሻዋ ጠብታ እዛው ትደርቃለች፣ ስትደርቅ ውሃው ይሄዳል ኖራው ይቀራል፣ ነገም እንደዛ፣ ከነገ ወዲያም እንደዛ፣ አርባ ዓመት ሙሉ። ቀዳዳው ጠቦ ጠቦ ይዘጋል፣ ታንኩ ሙሉ ቢሆንም ውሃው ባንዴ መውረድ ስለማይችል ጉልበት ያጣል።

ግን ከሩቅ ሆኜ ከመፍረዴ በፊት አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ስምንት አስር ሊትር የሚሆን ውሃ በባልዲ ያዙና መቀመጫው ውስጥ ባንዴ ድፉት። ዋጥ አርጎ ከሄደ ወደ ውጪ የሚያስወጣው ቧንቧ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ከላይ ነው፣ ቀዳዳው ጋ ወይ ታንኩ ጋ። ውሃው ከፍ ብሎ ቆሞ ቀስ እያለ ከወረደ ግን ችግሩ ከታች ነው፣ ወይ ቧንቧው ተደፍኗል ወይ ሴፕቲክ ታንኩ ሞልቷል፣ ያኔ መጣጭ መኪና ነው የሚጠራው፣ አቼቶ አይደለም። አንቺ በባልዲ ስትደፊ እንደሚሄድ ጽፈሻል፣ ስለዚህ እኔ ቀዳዳው ነው ባይ ነኝ።

አሁን ትንሽ መስታወት በጠርዙ ስር አስገቢና በስልክሽ መብራት ቀዳዳዎቹን እያቸው። የተደፈኑ ከሆነ ማታ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ለታንኩ ውሃ የሚያስገባውን መዝጊያ ዝጊና ልቀቂው፣ ታንኩ ባዶ ይሁን። ታንኩ ውስጥ ቀጥ ብላ የቆመች አፏ ክፍት የሆነ ቱቦ አለች፣ ውሃ ሲተርፍ የሚወርድባት ናት፣ እሷ ውስጥ የገባ ነገር በቀጥታ ወደ ጠርዙ ቀዳዳዎች ነው የሚሄደው። አንድ ሁለት ሊትር አቼቶ ለብ አርገሽ ቀስ እያልሽ በእሷ አፍስሺ። ለብ ነው ያልኩት፣ የፈላ አይደለም፣ ቀዝቃዛ ሸክላ ላይ የፈላ ነገር ከደፋሽ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ያኔ የቧንቧ ሰራተኛው ሳይፈልግ ነቢይ ሆነ ማለት ነው። ከዛ ሶፍት አቼቶ ውስጥ ነክረሽ እንደ ገመድ ጠቅልለሽ ጠርዙ ስር ዙሪያውን ወሽቂውና እስኪነጋ ተዪው። ትንንሽ አረፋ ካየሽ ደስ ይበልሽ፣ አሲዱ ኖራውን እየበላው ነው፣ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጠዋት ሶፍቱን ለቅመሽ ቆሻሻ ውስጥ ጣይ (እዛው እንዳትለቂው!)፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጊ፣ ቀዳዳዎቹን በጠንካራ ፕላስቲክ ወይ በቀጭን ሽቦ አንድ ባንድ ክፈቻቸው፣ ሽቦው ግን የሸክላውን ልባስ እንዳይቧጭረው፣ የተቧጨረ ቦታ ላይ ኖራው በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ ነው የሚይዘው። የአርባ ዓመት ኖራ ባንድ ሌሊት አይሄድም፣ ሶስት አራት ሌሊት ደጋግሚው። ሎሚም ይሰራል ይባላል፣ አዎ ይሰራል፣ ግን ለሽንት ቤት የሚጨመቅ ሎሚ ካላችሁ ለኛም ላኩልን።

መስታወቱን ይዘሽ ሸክላው ላይ ስንጥቅ ካገኘሽ ግን የእናትሽን ልብ ሰብራችሁም ቢሆን ቀይሩት፣ የተሰነጠቀ ሸክላ ሰው ተቀምጦበት ሲከፈት ስጋ ነው የሚቆርጠው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ገላን ነኝ። ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው፣ ሲመጣ ሮቶ እንሞላለን፣ ግን ሳምንት ይበቃናል ያልነው ሮቶ በሶስተኛው ቀን ባዶ ነው። ሌሊት ሌሊት ሽንት ቤቱ ሽርርር ይላል። ታንኩ ውስጥ ያለውን ውሃ ማስገቢያ ከነተንሳፋፊው ቀየርኩት፣ አሁንም ያው ነው። እቃው ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ ፎርጅድም ሊሆን ይችላል ግን ወንድሜ ሳትመረምር ነው እቃ የገዛኸው፣ ሁላችንም እንደዛ ነን። ታንክ የሚያፈሰው በሁለት መንገድ ነው፣ ወይ ከላይ የሚገባው ውሃ አልዘጋ ብሎ በትርፍ ማውረጃዋ ቱቦ ይሄዳል፣ ወይ ከታች ያለው ላስቲክ አልገጥም ብሎ ያሾልካል። የቱ እንደሆነ ለማወቅ ታንኩ ሲሞላ ውሃው የደረሰበትን በእርሳስ ምልክት አርግና መዝጊያውን ዝጋው፣ አስር ደቂቃ ጠብቅ። ውሃው ከምልክቱ ከወረደ ከታች ነው፣ ካልወረደ ከላይ ነው። የምትጠራጠር ከሆነ ደሞ ቀይ ስር የተቀቀለበትን ውሃ ታንኩ ውስጥ ድፋና ማንም ሳይለቀው ሃያ ደቂቃ ቆይ፣ መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ ላስቲኩ ያፈሳል።

ትንሽ ነች ብለህ አትናቃት። ታንክህ ውስጡ 40 በ15 ሴንቲሜትር ነው እንበል፣ በአስር ደቂቃ አንድ ሴንቲሜትር ብቻ ከወረደ 0.6 ሊትር ነው፣ በሰዓት 3.6፣ በቀን 86 ሊትር። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከአራት በላይ፣ በየቀኑ፣ አንተ ተኝተህ። ሮቶህ የት እንደሄደ አሁን ገባህ?

ከታች ከሆነ ላስቲኩን ከመግዛትህ በፊት ላስቲኩ የሚያርፍበትን ክብ አፍ በጣትህ ዙሪያውን ዳስሰው። ኖራ በያዘ ውሃ እዛ ላይ እንደ አሸዋ የሚሻክር ነገር ይጋገራል፣ አዲስ ላስቲክ ብታመጣም ሻካራ ላይ አይገጥምም፣ ብዙ ሰው ሶስት ላስቲክ የሚቀያይረው ለዚህ ነው። አቼቶ የነከረ ጨርቅ ጣልበት፣ ከዛ በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለህ አለስልሰው። ላስቲኩ ራሱ ደርቆ ከጠመመ ወይ ስትነካው እጅህን ካጠቆረው ግን ጊዜው አልፏል፣ ቀይረው። ታንኩ ውስጥ በረኪና የምትጨምሩ ሰዎች ደሞ እባካችሁ ተዉት፣ ላስቲኩን የሚጨርሰው እሱ ነው።

ከላይ ከሆነ ማስገቢያውን ፍታና አፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት አውጥተህ እጠባት። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ መጀመሪያ ሲመጣ የቧንቧውን ዝገትና ደለል ገፍቶ ነው የሚመጣው፣ እሱ ወንፊቱ ላይ ወይ መዝጊያዋ ላስቲክ ስር ይገባና አላዘጋ ይላል። ውሃ በመጣ ቀን መጀመሪያ የግቢውን ቧንቧ ክፈቱና እስኪጠራ አፍስሱት፣ ከዛ ወደ ቤት አስገቡ። ሌላው የግፊት ጉዳይ ነው፣ ውሃ በየአስር ሜትሩ ከፍታ አንድ ባር ገደማ ነው የሚሰጠው፣ ሮቶህ ከታንኩ ሶስት ሜትር ብቻ ከፍ ካለ 0.3 ባር አካባቢ ነው ያለህ፣ አንዳንዶቹ ማስገቢያዎች ደሞ ለመዝጋት ራሱ ከዛ በላይ ግፊት ይፈልጋሉ። ስትገዛ «ለሮቶ የሚሆን፣ በትንሽ ግፊት የሚሰራ» ብለህ ጠይቅ።

እና መዝጊያውን ዝጋ ስልህ... እዚህ ጋ ቆም በል። አሮጌ ቤት ውስጥ ለዓመታት ያልተነካ መዝጊያ በኖራ ተጣብቆ ነው የሚገኘው። እኔ ወጣት እያለሁ አንዱን በፒንሳ ይዤ ታገልኩት፣ መዝጊያው አልዞረም፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው የዛገ የብረት ቧንቧ ግን ዞረ፣ ዞሮ ተቆረጠ፣ ቅዳሜ ማታ ነበር፣ ዋናው ማጥፊያ ደሞ ቆጣሪው ጋ አፈር ስር ተቀብሮ ነበርና እሱን በዶማ ቆፍረን እስክናገኘው ሳሎኑ ድረስ ገብቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ አግኘውና እንደሚዘጋ አረጋግጥ፣ ከዛ የተጣበቀውን በአቼቶ የነከረ ጨርቅ ጠቅልለው አንድ ሌሊት፣ ጠዋት በእጅህ ትንሽ ወደዚህ ትንሽ ወደዚያ እያረክ አላምደው። እምቢ ካለ ተወው፣ ለባለሙያ የሚከፈልበት ቦታ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ቡራዩ ነው ያለነው። መቀመጫው ውስጥ ቢጫና ቡናማ ነገር ይዟል፣ በረኪና ብንደፋበትም አይለቅም፣ እንዲያውም የባሰበት ይመስላል። ጎረቤቴ በረኪናውን ከአሲድ ጋር አደባልቀሽ ድፊበት ጥርግ ያደርገዋል አለችኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ እንዳታደርጊው! በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ሳንባ የሚያቃጥል ነገር ነው፣ ሰው የሚገድልም ነው። በጠርሙስ ከሚሸጠው አሲድ ጋር ብቻ አይደለም፣ ከአቼቶም ከሎሚም ጋር ያው ነው። ትናንት በረኪና ደፍተሽ ከሆነ ደጋግመሽ በብዙ ውሃ ሳታወርጂው ዛሬ አቼቶ አታስነኪው።

በረኪና ጀርም ይገድላል፣ ቀለም ያነጣል እንጂ ኖራ አያሟሟም። ቢጫው ኖራና ከሽንት የሚመጣ ደለል አብሮ የተጋገረ ነው፣ ቡናማው ደሞ የብረት ቧንቧ ዝገት ነው፣ ዝገትን በረኪና ያጠነክረዋል እንጂ አያለቅቀውም፣ የባሰበት መስሎ የታየሽ ልክ ነሽ። ሁለቱንም የሚያለቅቀው አሲድ ነው። መቀመጫው ውስጥ ያለውን ውሃ በአሮጌ ኩባያ ቅጂና አሳንሺው፣ አለበለዚያ አቼቶው ይቀጥናል፣ ከዛ ደፍተሽ አሳድሪው። የወለሉ ሴራሚክ መገጣጠሚያ ሲሚንቶ ላይ ወይ እብነ በረድ ላይ እንዳይፈስ ብቻ፣ ኖራ የሚበላ ነገር እነሱንም ይበላል።

ጥያቄ፦ ሰበታ ያለው የአያቴ ቤት ሽንት ቤት ታንኩ ከላይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በሰንሰለት የሚጎተተው አይነት ነው። ውሃው አልቆም ብሎ በጎን ይፈሳል። እቃው አሁን ይገኛል?

መልስ፦ ሰንሰለቱን አትጣሉት፣ ውሃው ከላይ ስለሚወርድ ከብዙ አዳዲሶቹ የተሻለ ጉልበት አለው። ወንበር ላይ ወጥተህ ተንሳፋፊውን ኳስ ፍታውና በጆሮህ አጠገብ ነቅንቀው። ውስጡ ውሃ ከተንቦጫቦጨ ኳሱ ተበስቷል፣ ስለዚህ ይሰምጣል፣ ስለሚሰምጥ ውሃውን አይዘጋም፣ በቃ ይሄው ነው። የፕላስቲክ ኳስ ለሮቶ የሚሸጠውም ክሩ ከገጠመ ይሆናል፣ አሮጌውን ይዘህ ሂድና ሱቁ ላይ ለካው። እስክትገዛ ውሃውን አፍስሰህ ኳሱን በፌስታል ጥብቅ አርገህ አስረህ መመለስ ትችላለህ፣ ሳምንት ያቆይሃል። ከሳምንት በላይ እንድታቆየው ግን አልመክርህም፣ ፌስታሉ ተፈቶ ቧንቧው ውስጥ ከገባ የሚቀጥለውን ጥያቄ አንተው ትልክልኛለህ።