የኮሮላህ ሞተር በቺንጋ ነው ወይስ በካቴና የሚሠራው?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሐይቅ ከተማ ላይ በፈረንጅ 1998 የተሠራች ያገለገለች ኮሮላ ገዝተሃል፤ አንዱ መካኒክ «የታይሚንግ ቺንጋዋን ሳትቀይር እንዳትነዳ» ሲልህ፣ ሌላው «የቶዮታ ሞተር ካቴና ነው፣ አትነካካው» ብሎሃል። ቺንጋ የጎማ ቀበቶ፣ ካቴና የብረት ሰንሰለት ነው፤ ሥራቸው አንድ ነው፣ የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር በልኩ ያስኬዳሉ። ቶዮታ ሁለቱንም ዓይነት ሠርቷል። የአንተን ለማወቅ ሊብሬውን አውጣና የሞተር ቁጥሩን ተመልከት። በ4ኤ፣ በ5ኤ ወይም በ4ኢ ከጀመረ ቺንጋ ነው፤ ናፍጣ ሆኖ በ2ሲ ከጀመረም ቺንጋ ነው። በ1ኤንዜድ ከጀመረ ግን ካቴና ነው። በ1998 ሞዴል ላይ የማገኘው ብዙውን ጊዜ ቺንጋ ስለሆነ የመጀመሪያውን መካኒክ ስማው።

የእኔ 4ኤ ቺንጋው የተቆረጠብኝ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ ነው። እናቴና ሁለት ልጆቼ ከኋላ ተቀምጠዋል። ሞተሩ አልተንገጫገጨም፣ አላስነጠሰም፤ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ስረግጠው ደነደነ፣ መሪው ከበደ፣ መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። መንገድ ዳር የነበረ አንድ ልጅ ሮጦ ጎማው ሥር ድንጋይ ባያስገባልን ኖሮ ምን እንደሚከተል ዛሬም ማሰብ አልወድም። ከዚያ ቁልፉን ሳዞር ስታርተሩ ሸክሙ እንደወረደለት ሰው ቀልሎና ፈጥኖ ዞረ። ይህን ድምፅ ከሰማህ ደጋግመህ ለማስነሳት አትሞክር።

ሽፋኑ ሲከፈት ቺንጋው በዘይት ርሶ ነበር፤ ጥርሶቹ በጣት ሲነኩ ይረግፋሉ። ከተቀየረ ዓመት አልሞላውም። የቀየረልኝ ጋራዥ ወጪ ሊቀንስልኝ ብሎ ፓራኦሊዮ የምንለውን ዘይት ያዥ ጎማ አሮጌውን ትቶት ኖሯል። 4ኤ ቺንጋው ቢቆረጥ ቫልቩና ፒስተኑ ስለማይገናኙ ሞተሬ ተርፏል። የጎረቤቴ 2ሲ ናፍጣ ግን ቫልቮቹ ተጣመው ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ ራስ) ወረደ፤ የከፈለው ገንዘብ ቺንጋውን ደጋግሞ ያስቀይር ነበር።

ስለዚህ ስታስቀይር ቺንጋውን ብቻ አታስቀይር። የመወጠሪያውን ኩሽኔታና ፓራኦሊዮዎቹን አብረህ ግዛ፤ የጉልበት ዋጋው ያው አንድ ጊዜ ነው። ሽፋኑ ከመዘጋቱ በፊት ሞተሩ በእጅ፣ በመፍቻ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙርና የታይሚንግ ምልክቶቹ ተመልሰው መግጠማቸውን በዓይንህ እይ። «ልምድ አለኝ፣ አያስፈልግም» የሚል መካኒክ ቢያጋጥምህ እንኳ አጥብቀህ ለምነው። አንድ ጥርስ ከሳተ መኪናዋ ትነሳለች፣ ጉልበት ግን አይኖራትም፤ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሳትደርስ ታውቀዋለህ።

የሚቀየርበት ልክ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ይባላል። ላገለገለ መኪና ግን ይህን ቁጥር አላምነውም፤ ቆጣሪው ላይ ያለው እውነት መሆኑን ማን ያረጋግጥልሃል? ጎማ ደግሞ ቆሞም ያረጃል። መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ሻጩ ካልሰጠህ፣ አልተቀየረም ብለህ ተነሳ።

ምናልባት ካቴና ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው። ካቴናው ዕድሜ የሚያገኘው ከዘይት ነው፤ መወጠሪያውን የሚገፋውም የዘይት ግፊት ስለሆነ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይትና ፊልትሮ ቀይር። ደጉ ነገር ካቴና ይናገራል። ብርድ በሆነ ጠዋት፣ መኪናዋ ቆማ ካደረች በኋላ፣ ኮፈኑን ከፍተህ ሌላ ሰው ያስነሳልህ። ከካቴናው ወገን የሰንሰለት መንኳኳት ለጥቂት ሰከንድ ተሰምቶ ከጠፋ መወጠሪያው እየደከመ ነው። ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋ ካቴናውን፣ ማርሾቹንና መንሸራተቻ ፕላስቲኮቹን በአንድነት አስቀይር።

አብሽር፣ ሥራው ለሠለጠነ እጅ የአንድ ቀን ነው። ሲያልቅ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በወረቀት ጽፈህ ኮፈኑ ሥር ለጥፈው። እስከዚያ ግን ቤተሰብ ጭነህ ዳገት አትውጣ፤ የሞተር ቁጥሩን እዚሁ ጻፍልኝና የትኛው እንደሆነ አብረን እናየዋለን።