የዩኒቨርሲቲ ራግቢ ከየት ልጀምር ላልከው

ሰላም ወንድሜ፣ «የትኛውን የዩኒቨርሲቲዎች ራግቢ ውድድር ልከታተል? ደረጃውስ የተማሪ ጨዋታ ብቻ አይደለም ወይ?» ብለሃል። እኔ ሳላመነታ የደቡብ አፍሪካውን ቫርሲቲ ካፕ እልሃለሁ።

በ2008 እ.ኤ.አ. በ8 ቡድኖች ተጀመረ። ከመሥራቾቹ አንዱ ፍራንሷ ፒናር ነው፤ በ1995 ደቡብ አፍሪካ የዓለም ዋንጫን ስታነሳ አምበሏ የነበረው። ጨዋታዎቹ በብዛት ሰኞ ማታ፣ በየዩኒቨርሲቲው ሜዳ ነው የሚካሄዱት። ተማሪው ግልብጥ ብሎ ስለሚወጣ ድባቡ ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹን 3 ዋንጫዎች የወሰደው የስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ማቲስ ነው።

ደረጃው? ኤበን ኤትዘቤት በ2011 ለኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ፤ ቡድኑም ዋንጫውን በላ። በዓመቱ ለብሔራዊ ቡድኑ ተሰለፈ።

በመጀመሪያ ግን የ2014ን ፍጻሜ ፈልገህ እይ። ፖቸፍስትሩም ከተማ ላይ ባለሜዳው ፑከ (የኖርዝ ዌስት ዩኒቨርሲቲ ቡድን) 33 ለ 15 እየመራ፣ የቀረው 5 ደቂቃ ገደማ ነበር። ሁሉም አልቋል ሲባል ኬፕታውኖች 3 ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ የግብ መስመር ማዶ መሬት በማስነካት የሚገኝ 5 ነጥብ) አከታትለው 39 ለ 33 አሸነፉ! ያኔ የውድድሩ ሕግ ከትራይ በኋላ ለሚመታው ምት 3 ነጥብ፣ ለቅጣት ምት ደግሞ 2 ብቻ ይሰጥ ነበር። በመደበኛው ራግቢ ተቃራኒው ነው። ስለዚህ ትራይና ምቱ አንድ ላይ 8 ነጥብ ያስገኙ ነበር። ቅጣት ምት ሲገኝ ለነጥብ ከመምታት ይልቅ ኳሱን ይዞ ማጥቃት ያዋጣ ነበር ማለት ነው። እኔ ይህን ሕግ በጣም ነው የምወደው፤ ወጣቶቹን ደፋር ያደርጋቸው ነበር።

ከወደድከው ከ2011 ጀምሮ ያለውን ሁለተኛውን እርከን፣ ቫርሲቲ ሺልድን፣ አብረህ ተከታተል።