ስለ ካሜራ ሴንሰር ስፋት የጠየቃችሁኝና መልሶቼ

ስለ ሴንሰር (ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ስፋት የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር። ተመሳሳዮቹን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሱ።

ጥያቄ፦ ስልኬ 108 ሜጋፒክስል ነው፣ የጓደኛዬ ካሜራ 24 ብቻ። ማታ ግን የእሱ ፎቶ ጥርት ሲል የኔ ጭቃ ይመስላል። ለምን?

ሜጋፒክስል የሚነግርህ ምስሉ በስንት ነጥብ እንደተከፋፈለ ነው። ምን ያህል ብርሃን እንደተሰበሰበ አይነግርህም። ማታ የሚቸግረው ደግሞ ብርሃን ነው።

ፉል ፍሬም በሚባሉት ካሜራዎች ውስጥ ያለው ትልቅ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስፋቱ 864 ካሬ ሚሊ ሜትር። የ108 ሜጋፒክስል ስልክ ሴንሰር ቢበዛ 70 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሴንሰሩ ሲሰፋ የሚሰበስበው ብርሃንም ይበዛል። ብርሃን የሚመጣው ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች ነው፣ አመጣጣቸውም እኩል አይደለም። አንድ ነጥብ ላይ በአማካይ 10,000 ፎቶን ቢያርፍ መዋዠቁ 100 ያህል ነው፤ 1 በመቶ ማለት ነው። 100 ብቻ ቢያርፍ ግን መዋዠቁ 10 ነው፤ 10 በመቶ! ኖይዝ የምንለው ነጠብጣብ በዋናነት ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ፒክስሉ ያነሰ ፉል ፍሬም ይሻላል?

ብዙዎች እንደዚያ ያስባሉ፣ እኔ ግን አልስማማም። ሶኒ በ2014 ያወጣው ኤ7ኤስ 12 ሜጋፒክስል ነው፤ በ2015 ያወጣው ኤ7አር 2 ደግሞ 42። ሁለቱም ፉል ፍሬም ናቸው። ፎቶዎቹን በእኩል መጠን አትማችሁ ብታስተያዩ፣ በተለመደው የማታ አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ትብነት ቁጥር) ልዩነቱ ከምትጠብቁት በጣም ያነሰ ነው። ወሳኙ ሴንሰሩ በጠቅላላ የሰበሰበው ብርሃን ነው።

ጥያቄ፦ ሰርግ ነው የምሠራው። ክሮፕ ካሜራ (ሴንሰሩ ከፉል ፍሬም የሚያንስ) እና አብሮት የመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለኝ። ተበድሬም ቢሆን ፉል ፍሬም ልግዛ?

ወንድሜ፣ እባክህ አትበደር! መጀመሪያ ሌንስ ግዛ።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ሌንስህ 55 ላይ ሲደርስ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ነው (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል)። ርካሹ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ከዚያ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ከክሮፕ ወደ ፉል ፍሬም ብትሸጋገር በተመሳሳይ ኤፍ የምታገኘው ግን ወደ 2 እጥፍ ተኩል ገደማ ነው። ዋጋቸውን ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ። በክሮፕ ላይ 50ው ጠበብ ብሎ እንደ 75 ወይም 80 ሚሊ ሜትር ነው የሚያሳይህ፤ አዳራሹ ጠባብ ከሆነ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያዝ። ፍላሽ ጣሪያ ላይ አንጥሮ መጠቀምም ተለማመድ። ፉል ፍሬሙ ሥራው ራሱ ገንዘቡን ሲያመጣ ይደርሳል።

አንድ ነገር አስብበት፤ ለክሮፕ የተሠሩት የካኖን ኢኤፍ-ኤስ ሌንሶች በካኖን ፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) ላይ አይገጥሙም። ካሜራ ስትቀይር ሌንስም ልትቀይር ትችላለህ።

ጥያቄ፦ የጀርባ ብዥታ የሚያምረው በፉል ፍሬም ብቻ ነው የሚሉት እውነት ነው?

አይደለም፣ እህቴ። በክሮፕሽ ላይ 50 ሚሊ ሜትር በኤፍ 1.8 ብታነሺ፣ በፉል ፍሬም 75 ሚሊ ሜትር በኤፍ 2.7 እንደማንሳት ነው። ያ ለፊት ፎቶ ከበቂ በላይ ነው። ሰውየውን ከግድግዳው አርቀሽ አቁሚው፣ አንቺ ጠጋ በይ።

ጥያቄ፦ «1 ኢንች ሴንሰር» በእውነት 1 ኢንች ነው?

አይደለም። 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ 16 ሚሊ ሜትር አይሞላም። አጠራሩ የመጣው ከድሮ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦዎች የውጭ ስፋት ነው። ስሙን ትተህ ሚሊ ሜትሩን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ቀን ቀን ብቻ ነው የማነሳው፣ ለፌስቡክ።

ባለህ ካሜራ ቀጥል።

ጥያቄ፦ የስልኩ የማታ ሞድስ? ካሜራን አይተካም?

ስልኩ ብዙ ፎቶ አከታትሎ አንስቶ ያዋህዳል። በስፋት ያጣውን ብርሃን በጊዜ ያካክሳል። ለቆመ ሕንፃ ግሩም ነው። እስክስታ የሚወርድ ሰው ላይ ግን ትከሻው በየፎቶው ቦታ ይቀይራል፤ ስልኩ ማዋሃድ ስለማይችል ወይ ያደበዝዘዋል ወይ ኖይዙን ይተወዋል። ትልቅ ሴንሰር ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ካሜራ ልገዛ ነው። ሴንሰሩን እንዴት ልይ?

ኤፍ 16 ላይ አድርጊና ነጭ ግድግዳ አንሺ። ፎቶውን አጉልተሽ ከጥግ እስከ ጥግ እይው። ደብዘዝ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ጭረት ካየሽ ግን አትግዢ፤ ሻጩ ምንም ያህል ቢቀንስልሽ።